የመኪና ማቆሚያ ቤት ፕላን ስለ ማሠራት

በግቢው ውስጥ ለአንዲት መኪና መጠለያ ለመሥራት ያሰበ አባወራ የፈቃድ ማመልከቻ ሲጽፍ በመጀመሪያ የሚቸግረው የፕላኑ ነገር ነው። አንዳንዱ «ለዚህች ክፍል ደግሞ ምን ፕላን ያሻታል?» ብሎ ግንበኛ ይጠራል፤ አንዳንዱም ከወዳጁ ፕላን ተውሶ፥ ስሙን ብቻ ለውጦ ሊያቀርብ ያስባል። እኛ ሁለቱንም አንመክርም።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ፎቅ የሌለውን ቤት፥ በተሸካሚ አካሎቹ መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር ካልበለጠ፥ በምድብ «ሀ» መድቦት ነበር። ምድቡ የሥራውን ቀላልነት ያሳያል እንጂ ፕላኑን አላስቀረም። ስለዚህ ፕላን ነዳፊ ከመዋዋል አስቀድሞ ወደ ግንባታ ፈቃድ ክፍል ሄዶ፥ ምን ምን ሥዕል፥ በስንት ቅጂና በማን ማኅተም እንደሚፈለግ መጠየቅ ይገባል። በማመልከቻውም ላይ «ጋራዥ» ከማለት «የመኪና ማቆሚያ» ማለት ይሻላል፤ ጋራዥ በአገራችን የመኪና መጠገኛ ማለት ሆኗልና።

ነዳፊው ግቢው ድረስ መጥቶ፥ ሜትር ዘርግቶ ይለካ። በይዞታው ካርታ ላይ ያለውን ወሰን፥ መኖሪያ ቤቱን፥ የግቢውን በር፥ ማድ ቤቱን፥ ይልቁንም የመጸዳጃውን ጉድጓድ በቦታው ፕላን ላይ ያስፍር። የተውሶ ፕላን ይህን ጉድጓድ አያውቀውም፤ ክዳኑ ከወለል በታች ከተቀበረ በኋላ ጉድጓዱ በሞላ ጊዜ ምን እንደሚከተል የቤት እመቤቶች ይነግሩናል።

ርዝመቷ 4 ሜትር ተኩል፥ ስፋቷ 1 ሜትር ከ80 ያህል ለሆነች መኪና፥ በሮቿ ተከፍተው ሰው እንዲወርድ፥ ውስጡ 3 ሜትር በ6 ሜትር ቢሆን ይበቃታል። ይህም በ1 ለ100 መጠን ሲሣል በወረቀቱ ላይ 3 በ6 ሳንቲ ሜትር ይሆናልና፥ ማንም በማስመሪያ ሊያረጋግጠው ይችላል። ነዳፊዎች ሴክሽን የሚሉት፥ ቤቱን ሰንጥቆ የሚያሳየው ሥዕል ደግሞ መሠረቱንና የቆርቆሮውን ተዳፋት ይገልጣል፤ ዝናቡ ወደ ጎረቤት ግቢ እንዳይወርድ በዚያው ይታያል። የሐምሌ ዝናብ ያጣላቸው ጎረቤቶች በቀላሉ አይታረቁም።

ከሁሉ የሚያሳስበን ግን የልጆቹ መኝታ ነው። ከመኪና ጭስ ጋር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በተዘጋ ስፍራ ሞተር ሲሠራ ተጠራቅሞ የተኛውን ሰው ሳይነቃ ሊገድለው ይችላል። ከማቆሚያው ወደ መኝታ ክፍል የሚከፈት በር ወይም መስኮት በፕላኑ ላይ ከታየ፥ ገና በወረቀት ሳለ ይሰረዝ፤ በማቆሚያው ግድግዳም ወደ ውጭ የአየር መተላለፊያ ይጨመር። ፕላኑ ከጸደቀ በኋላ አንዱ ቅጂ ለግንበኛው ይሰጥ፤ ሌላው ከቤቱ ካርታ ጋር ይቀመጥ።