ከስፌቱ በታች ያሉ ጥርሶች

ከንፈራቸው ወይም ላንቃቸው ተሰንጥቆ የተወለዱ ልጆች ወደ ጥርስ ሐኪም የሚመጡት ብዙውን ጊዜ ዘግይተው ነው። ስፌቱ ድኗል፣ ዘመድ አዝማድ «እንኳን ደስ ያላችሁ» ብሏል፣ ቤተሰቡም ትልቁን ጭንቅ ተገላግሎ እፎይ ብሏል። ከዚያ አንድ ሌሊት ልጁ በጥርስ ሕመም ሲያለቅስ ያድራል።

ከንፈሩን ገለብ አድርጌ ሳይ የማገኘው ነገር ይመሳሰላል። ከስንጥቁ አጠገብ ያለችው ጥርስ ዞራ በቅላለች፤ ወይም ከጎኗ ትርፍ ጥርስ ተደርቧል፤ አንዳንዴ ጭራሽ የለችም። የጥርሱ የውጭ ሽፋን (ኢናሜሉ) ስስ ሆኖ የሚወጣበትም ጊዜ አለ። በድዱ ጠርዝ ኖራ የመሰለ ነጭ መስመር ካየሁ መበስበሱ ጀምሯል ማለት ነው። በዚህ ደረጃ ከተደረሰበት ሊቆም፣ ሊመለስም ይችላል። ከተቦረቦረ በኋላ ግን መሙላት ወይም መንቀል ይመጣል።

«ብሩሽ አታስነኪውም እንዴ?» ብዬ ስጠይቅ ብዙ እናቶች የሚመልሱልኝ አንድ ነው፦ «ዶክተር፣ የተሰፋው እንዳይቀደድብኝ ፈርቼ ነው።» ፍርሃቱ ይገባኛል፤ ያንን ከንፈር ለማሰፋት ስንት ደጅ ጠንተዋል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ሳምንታት ሐኪሙ ያዘዘውን መጠበቅ ነው። በዳነ ስፌት ላይ ግን ለስላሳ የሕፃን ብሩሽ አንዳች ጉዳት አያደርስም። እውነተኛው ችግር ሌላ ነው፤ ጠባሳው ከንፈሩን ስለሚያጠብቀው ብሩሹ እንደ ልብ ከሥሩ አይገባም።

ስለዚህ ማስረዳቱን ትቼ አሳያለሁ። እናትየዋና እኔ ጉልበት ለጉልበት ገጥመን እንቀመጣለን። የልጁ እግር እሷ ጋ፣ ራሱ እኔ ጭን ላይ ይሆናል። በሌባ ጣቴ ከንፈሩን አነሳና ትንሿን ብሩሽ ከጠባሳው ሥር አስገብቼ፣ የዞረችውን ጥርስ በጎኗም በጀርባዋም አሻለሁ። ከዚያ ቦታ እንቀያየራለን። መጀመሪያ እጇ ይንቀጠቀጣል። ልጁ ካለቀሰም ያልቅስ፤ ሲያለቅስ አፉ በደንብ ይከፈታል።

የጥርስ ሳሙናው ፍሎራይድ ያለው ይሁን። ከ3 ዓመት በታች የሩዝ ፍሬ የምታህል፣ ከ3 እስከ 6 ዓመት የአተር ፍሬ የምታህል ትበቃለች። ከስምጥ ሸለቆ የሚመጡ ወላጆች ፍሎራይድ ሲባል ይደነግጣሉ። የጉድጓድ ውሃቸው ጥርስ ሲያበልዝ እያዩ ስላደጉ አይፈረድባቸውም። የሚጠጡት ውሃ ከየት እንደሚቀዳ ጠይቄ፣ ልጁ ሳሙናዋን እንዳይውጣት በጨርቅ መጥረግን አሳያቸዋለሁ።

ስለ ጡጦ ስናገር ጠንቀቅ እላለሁ። ላንቃው ክፍት የሆነ ሕፃን ጡት መሳብ ያቅተዋል፤ ወተቱ በአፍንጫው ይመለሳል፤ አንዴ መመገብ ብዙ ጊዜ ይወስዳል። «ክብደት ይጨምርና ለኦፕራሲዮን ይድረስ» ተብሎ ወተቱም አጥሚቱም ስኳር ይጨመርበታል፣ ሕፃኑም ጡጦውን እንደጎረሰ ይተኛል። ክብደቱ የግድ ያስፈልጋል። ነገር ግን አጥሚት ላይ ቅቤ ወይም ዘይት ጠብ ቢደረግ ከስኳር ይልቅ ያፋፋል፣ ጥርስም አይበላም።

የማልስማማው «የወተት ጥርስ አይደል፣ ይወድቃል» ከሚለው ጋር ነው። ስንጥቁ ድዱን ሰንጥቆ ያለፈ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 11 ዓመት ባለው ዕድሜ፣ ክራንቻው ሳይወጣ፣ ከዳሌው አጥንት ተወስዶ ክፍተቱ ውስጥ ይተከልለታል። የኋለኞቹ የወተት ጥርሶች በዚያ ዕድሜ ገና አፉ ውስጥ ናቸው። ከበሰበሱ ለተተከለው አጥንት የኢንፌክሽን ምንጭ ይሆናሉ። ቀዶ ሐኪሙም «በመጀመሪያ ጥርሱ ይታከም» ይላል፤ ቀጠሮው ይገፋል። ክራንቻው ግን ቀጠሮ አይጠብቅም።

በእኔ እምነት የመጀመሪያው የጥርስ ቀጠሮ መሰጠት ያለበት ከንፈሩ በሚሰፋበት ሰሞን፣ ጥርስ ሳይበቅል ነው። ከገጠር የመጣን ቤተሰብም ለጥርስ ብቻ ተመለሱ አልልም። ቀዶ ሐኪሙ በቀጠረበት ቀን ይምጡ፤ በየጥቂት ወሩ የሚቀባው የፍሎራይድ ቫርኒሽ የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ነው። አባት አብሮ ከመጣ ደግሞ ብሩሹን የማስይዘው እሱን ነው፤ የማታው ተራ የእሱ ይሁን።