«ኢንሹራንስ አለኝ» ብሎ መኩራት... ወረቀቱን ሳያነቡ?

ሚኒባሱን ከገዛ ገና ስድስት ወሩ ነበር። የእናቱ ወርቅ ተሽጦ፣ ከአጎቱ ተበድሮ የተገዛ መኪና ነው። ከጅጅጋ ሐረር ሰው ያመላልስበታል። አንድ ማለዳ ተሳፋሪ አውርዶ ባዶውን ሲመለስ ካራማራ ላይ ተገለበጠ። እሱ ተረፈ፤ መኪናው ግን እንዳይሆን ሆነ።

«ምን ችግር አለ፣ ኢንሹራንስ አለኝ አይደል?» ብሎ ጓደኞቹን አጽናና። ቢሮ ሲደርስ ግን ዱብ ዕዳ ጠበቀው። «ወንድሜ፣ አንተ የገባኸው የሦስተኛ ወገን ነው። ያንተን መኪና አይመለከትም!»

እስቲ እንጠያየቅ፤ ስንቶቻችን ነን የፈረምንበትን ፖሊሲ ያነበብነው? በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ባለመኪና ሁሉ የሦስተኛ ወገን መድን እንዲገባ ያስገድዳል። መስታወት ላይ የምትለጠፈው ስቲከር የዚያ ምልክት ናት። መድኑ የሚክሰው መኪናችሁ የሚጎዳውን ሌላ ሰውና የሌላ ሰው ንብረት ነው። ለራሳችሁ መኪና ሌላ ሽፋን መግዛት ያስፈልጋል።

ታዲያ ፖሊሲው ምን መያዝ አለበት? የ1952ቱ የንግድ ሕግ የመድን ክፍል ዛሬም ይሠራል። አንቀጽ 657 ውሉ በጽሑፍ ይደገፍ ይላል፤ አንቀጽ 658 ደግሞ ይዘቱን ይዘረዝራል። ከመፈረማችሁ በፊት ቀኑን አይታችሁ እነዚህን በጣታችሁ እየነካችሁ ቁጠሩ፦

- የሁለቱ ወገኖች ስምና አድራሻ
- መድን የተገባለት ነገር ወይም ሰው
- የሚሸፈነው አደጋ ዓይነት
- ኩባንያው የሚከፍለው ገንዘብ መጠን
- እናንተ የምትከፍሉት አረቦን
- ውሉ የሚቆይበት ጊዜ

ልጁን ጉድ የሠራው ሦስተኛው ነው። «መገልበጥ» የሚል ቃል ወረቀቱ ላይ ፈልጎ አያውቅም!

ሌላም አለ። ቅጹ ላይ «ለግል» ብላችሁ አስሞልታችሁ በኪራይ ሰው ወይም ጫት የምትጭኑበት ከሆነ ወዮላችሁ። ሆን ብሎ እውነቱን መደበቅ ውሉን ያፈርሳል፤ የከፈላችሁት አረቦንም ይቀራል።

«ወለድ ያለበት ነገር አልነካም» ለምትሉ፣ ብሔራዊ ባንክ በ2012 ዓ.ም. የተካፉል መመሪያ አውጥቷል። እዚያም ቢሆን ወረቀቱ መነበብ አለበት። አማርኛው ወይም እንግሊዝኛው ካስቸገረ፣ የሚያነብላችሁ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ይህ አያሳፍርም።

ወጣቱ ዛሬ በሰው ሚኒባስ ረዳት ነው። የአጎቱ ዕዳ አሁንም አላለቀም። ሳይቃጠል በቅጠል!