የአብራሪው ገድልና የመርዙ ቀን

በሪያድ ከተማ በመንፉሐ ሰፈር ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የጣሊያን ወረራ ከአያት ከቅድመ አያት የተወረሰ ታሪክ ነው። በዚያ ታሪክ ውስጥ ከሰማይ የወረደው የመርዝ ጋዝ ሳይነሣ አይታለፍም። በጣሊያን ግን ስለዚያው ሰማይ ለረጅም ዘመን ሲነገር የኖረው የጀግኖች አብራሪዎች ገድል ነበር።

ገድሉ ከመነሻው ጎደሎ ነው። የአየር ላይ ፍልሚያ ተፋላሚ ይሻል። እ.ኤ.አ. በ1935 ኢትዮጵያ የነበሯት አውሮፕላኖች ከደርዘን ብዙም የማይበልጡ፣ አብዛኞቹም መሣሪያ ያልታጠቁ ነበሩ። ጣሊያን በአንጻሩ በመቶ የሚቆጠሩ የጦር አውሮፕላኖችን አሰልፋ ነበር።

ከአብራሪዎቹ ሁሉ ስሙ የገነነው ቲቶ ሚኒቲ ነው። ዲሴምበር 26 ቀን 1935 ከባልደረባው ከሊቪዮ ዛኖኒ ጋር ሲበር በኦጋዴን፣ በደገሃቡር አቅራቢያ ለማረፍ ተገደደ፤ ተይዞም ተገደለ። የፋሺስት ጋዜጦች ሰማዕት አደረጉት፤ የወርቅ ሜዳይ ተሸለመ፤ በትውልድ አገሩ በካላብሪያ የሚገኘው የሬጆ አውሮፕላን ማረፊያም በስሙ ተጠራ። ከአራት ቀን በኋላ፣ ዲሴምበር 30፣ የጣሊያን አውሮፕላኖች በመልካ ዲዳ የነበረውን የስዊድን ቀይ መስቀል ሆስፒታል በቦምብ ደበደቡ። ሕሙማን አለቁ። ለዚህ ድብደባም ሆነ ለመርዝ ጋዙ የሚኒቲ ሞት ምክንያት ተደርጎ ቀረበ።

ቀኖቹ በቅደም ተከተል ሲቀመጡ ግን ምክንያቱ ይፈርሳል። ሙሶሊኒ ለጄኔራል ግራዚያኒ በጋዝ እንዲጠቀም የፈቀደው ኦክቶበር 27 ቀን 1935፣ ማለትም ሚኒቲ ከመሞቱ ሁለት ወር ያህል ቀደም ብሎ ነው። በተከዜ በኩልም መርዙ በሠራዊታቸው ላይ የወረደው ዲሴምበር 23 እንደ ነበር ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ መስክረዋል። በቀል የተባለው ድርጊት፣ ተበቀልንለት ከተባለው ሞት ቀድሟል።

የታሪክ ጸሐፊው አንጄሎ ዴል ቦካ ይህን በሰነድ ሲያስረዳ በገዛ አገሩ ሰዎች ለዓመታት ተወግዟል። የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር በጋዝ መጠቀሙን ያመነው በ1996 ነው፤ ከስድሳ ዓመት በኋላ።

ምርኮኛን መግደል በማንም ቢፈጸም ነውር ነው። የአንድ ምርኮኛ ሞት ግን የሺዎችን እልቂት መሸፈኛ ሆኖ ነበር። ዛሬም በእጅ ስልካችን የጦር ሜዳ ገድል ሲደርሰን፣ ለሌላው ከማስተላለፋችን በፊት የትኛው ድርጊት እንደ ቀደመ መጠየቅ ይገባናል።