አውንኛ ክፍል የሚገባ ዕጩ መምህር

ከደብረ ማርቆስ ወደ አዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ለልምምድ የሚሄዱ ዕጩ መምህራን አሠልጣኛቸውን ደጋግመው ይጠይቁታል፦ «ያው ጎጃም አይደል? በአማርኛ ብናስተምር ማን ይቸገራል?»

ልጆቹ ይቸገራሉ።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃ በብሔረሰቦች ቋንቋ እንዲሰጥ ደንግጓል፤ በአዊም አውንኛ የማስተማሪያ ቋንቋ ነው። አውንኛ ደግሞ ከአገው ቋንቋዎች አንዱ፣ ኩሻዊ ነው፤ የአማርኛ ዘዬ አይደለም። የሚጻፈው ግን በግዕዝ ፊደል ነው፤ አማርኛ የማይጠቀምበት «ጝ» ተጨምሮበት።

አሠልጣኙ አጥብቆ የሚመክረው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ማዳመጥን፣ የልጆቹን ስም ሳያጣምሙ መጥራትን፣ ጠመኔ ከማንሳት በፊትም «ጝ»ን ከነባሩ መምህር አፍ መማርን ነው። መልሱን እያወቀ በቋንቋው ስላልተጠየቀ ዝም ያለን ሕፃን «ሰነፍ» ብሎ መመዝገብ በደል ነው።

ጥያቄ ያላችሁ ከሥር ጻፉለት፤ ይመልሳል።