እጃቸው ያነሰ ቅንጣቶች የሚሠሩት ፈሳሽ

ኤማኑኤላ ቢያንኪ፣ ፍራንቼስኮ ሾርቲኖና ባልደረቦቻቸው በ2006 (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያሳተሙት የሲሙሌሽን ጥናት ሁለት አሥርት ዓመታት ሞላው። የመረመሩት ገላቸው ላይ ጥቂት ተጣባቂ ነጥቦች ብቻ ያሏቸውን ክብ ቅንጣቶች ነው። የነጥቦቹ አማካይ ቁጥር ወደ 2 ሲጠጋ ፈሳሹና ተኑ መለያየት የሚጀምሩበት የወሳኝ ነጥብ እፍጋት ወደ ዜሮ ይወርዳል፤ እጅግ የሳሳ፣ ሆኖም እርስ በርሱ የተያያዘ፣ «ባዶ ፈሳሽ» የሚባል ፈሳሽ ይገኛል። የፊዚክስ ሊቁ ቫን ደር ዋልስ በ1873 ያስተማረን መሳሳብ ካለ ቅዝቃዜ ተንን ወደ ፈሳሽ እንደሚሰበስብ ነበር። ይህ ጥናት ግን የመሳሳቡ ብርታት ብቻውን እንደማይበቃ፣ አንዱ ቅንጣት ስንት ጎረቤት መያዝ መቻሉም እኩል ወሳኝ መሆኑን አሳየ።

ለዚህ ትልቁ ማስረጃ በመግነጢሳዊ ቅንጣቶች ላይ የተነሣው ረጅም ክርክር ይመስለኛል። ደ ዤንና ፒንከስ በ1970 እነዚህ ቅንጣቶች ሲቀዘቅዙ ወደ ፈሳሽነት ይለወጣሉ ብለው ገመቱ። በ1993 የወጡ ሲሙሌሽኖች ግን ፈሳሹን አጥተው ሰንሰለት አገኙ፤ ጫፍ ለጫፍ የሚያያዝ ቅንጣት ሁለት እጅ ብቻ ስላለው ነው። በ2000 ትሉስቲና ሳፍራን ሰንሰለቶቹ ሦስት ሦስት ሆነው የሚጋጠሙባቸው መገናኛዎች ፈሳሽን ሊፈጥሩ ይችላሉ ብለው ተከራከሩ፤ በ2011 ሮቪጋቲ፣ ሩሶና ሾርቲኖ ይበልጥ አቀዝቅዘው ሲፈትሹ ግን የሰንሰለቶቹ ጫፎች ተጋጥመው ቀለበት ሆኑ፣ ፈሳሹም አልታየም። ቀለበት ነፃ ጫፍ ስለሌለው ሌላውን አይፈልግም፤ ይህ ማብራሪያ ያሳምነኛል። ግማሽ ገጻቸው ብቻ የሚጣበቅ የጃኑስ ቅንጣቶችም በ2009 ተመሳሳይ ነገር አሳይተዋል፤ ተጣባቂ ገጻቸውን ወደ ውስጥ አዙረው ስለሚሰባሰቡ ሲቀዘቅዙ የሚጠነክረው ተኑ ነው።

ይህ ሁሉ የኮምፒውተር ፈጠራ ነው የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ነገር ግን በ2011 ላፖናይት በተባለ ሸክላ ውስጥ ባዶ ፈሳሽ በሙከራ ታየ፤ በ2013 ደግሞ ከዲኤንኤ የተሠሩ ባለ 3 እና ባለ 4 ክንድ ቅንጣቶች ክንዳቸው ሲያንስ ወደ ፈሳሽና ተን የሚለያዩበት ክልል እንደሚጠብ ተረጋገጠ። ሌላው ተቃውሞ ይከብዳል፤ ትስስሩ በቅዝቃዜ ሲጠነክር ሲሙሌሽኑ ስለሚጓተት፣ ፈሳሹን ያላየነው ጊዜ ስላልሰጠነው ይሆናል። መልሱ ትስስርን በቀጥታ የሚያፈርሱና የሚገነቡ የሞንቴ ካርሎ (በዕጣ የሚመረጡ) እርምጃዎችን መጠቀም፣ ውጤቱንም በ1984 መታተም ከጀመረው፣ የተጣባቂ ቅንጣቶችን ትስስር ከሚያሰላው የዌርትሃይም ንድፈ ሐሳብ ጋር ማመሳከር ነው። ጥቂት መቶ ቅንጣቶች ያሉት ሞዴል ተራ ኮምፒውተር ላይ ስለሚሄድ፣ ነቀምቴ ወለጋ ዩኒቨርሲቲ ያለ የፊዚክስ ተማሪም በመብራት መቋረጥ መካከል ስሌቱን እያስቀመጠ ሊያስኬደውና የእነ ቢያንኪን ውጤት ራሱ ሊፈትሽ ይችላል።