ተጨማሪ መረጃ፦ ጸበሉም መድኃኒቱም

ተማሪዎች፣ በላሊበላ ለጸበል ከሩቅ የመጡ ሕሙማንን ሳታዩ አትቀሩም። «ጨርቁን ጣለ»፣ «ተለከፈ» ከሚባሉት መካከል የሳይኮሲስ ሕሙማን ይኖራሉ። ሳይኮሲስ አእምሮ እውን የሆነውን ካልሆነው መለየት ሲያቅተው የሚታይ የጤና ችግር ነው። ታማሚው ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ይሰማል፤ ጎረቤቱ ሊመርዘው እንዳሰበ ያምናል፣ ማስረጃ ቢቀርብለትም እምነቱ አይናወጥም። ንግግሩ ይዘበራረቃል፤ እንቅልፍ ያጣል፤ ከሰው ይሸሻል። ድምፁ ለእርሱ እውነተኛ ነው፤ ስለዚህ መከራከርም ሆነ መሳለቅ ያስፈራዋል እንጂ አይረዳውም።

መንስኤው አንድ ብቻ አይደለም። በዘር የሚመጣ ተጋላጭነት፣ ከባድ ጭንቀት፣ አደንዛዥ ዕፅ፣ አንዳንዴም አንጎልን ያጠቃ ወባ ሊያስነሣው ይችላል።

እንደ ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚን ያሉ መድኃኒቶች በአንጎል ውስጥ መልእክት የሚያስተላልፈውን ዶፓሚን የተባለ ኬሚካል ሥራ ያበርዳሉ። መሻሻሉ ብዙውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይታያል። «ተሽሎኛል» ብሎ ያለ ሐኪም ምክር ማቋረጥ ግን ሕመሙን ሊመልሰው ይችላል።

ታዲያ ጸበሉ ይቅር? አይደለም። በአዲስ አበባ እንጦጦ ማርያም የጸበል አገልጋዮችና የአእምሮ ሐኪሞች ተባብረው፣ ሕሙማን ጸበላቸውን ሳይተዉ መድኃኒት እንዲያገኙ አድርገዋል። ለላሊበላም የሚበጀው ይኸው መንገድ ነው። ሕሙማንን በሰንሰለት ማሰር ግን የሰውን ክብር ይገፋል እንጂ አያድንም።

እስቲ በቅርባችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ የአእምሮ ሕክምና ይሰጥ እንደሆነ ጠይቁ፤ ያገኛችሁትን መልስ ለቤተሰባችሁ ንገሩ።