ከሐረ ሸይጣን እስከ ጨረቃ

ባለፈው ዓመት ተማሪዎቼን ይዤ ከአረቅጥ ወደ ቡታጅራ ወረድኩ። ከከተማዋ ወጣ ብሎ በስልጤ በኩል ሐረ ሸይጣን አለ። ሜዳውን እየሄዳችሁ ድንገት መሬቱ ያልቅና ከእግራችሁ ሥር ክብ ገደል፣ ከገደሉ ግርጌ አረንጓዴ ውሃ ይመጣል። እዚያ እንደደረሰ ሰው ሁሉ ድንጋይ ወረወርን፤ የአንዳችንም ውሃው ጋ አልደረሰም። ያኔ አንዷ ልጅ፣ «ቲቸር፣ ጉድጓዱን ራሱን ከሰማይ የወደቀ ድንጋይ ነው የቆፈረው?» አለችኝ።

አይደለም። ቅልጥ ዐለት ወደ ላይ ሲወጣ ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ተገናኘ፤ ውሃው ባንዴ እንፋሎት ሆነና መሬቱን በረቀሰው። የቢሾፍቱ ሐይቆችም አፈጣጠራቸው ይኸው ነው። ግን ልጅቷ የጠየቀችው ትልልቅ ሊቃውንትን ያሳሳተ ጥያቄ ነው። አሪዞና ያለውን 1.2 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ጉድጓድ እ.ኤ.አ. በ1891 የመረመረው ስመ ጥሩው የጂኦሎጂ ሊቅ ግሮቭ ካርል ጊልበርት፣ የእንፋሎት ፍንዳታ ነው ብሎ ደምድሞ ነበር፤ እሱን የፈጠረው ግን ከሰማይ የወደቀ ድንጋይ ነው።

አረቅጥ ስንመለስ እንዲህ ያለው ጉድጓድ እንዴት እንደሚፈጠር ላሳያቸው ከምድጃ ዐመድ ዝቄ በሰፌድ ላይ ደለደልኩ፤ ከላዩ የገብስ ዱቄት ነሰነስኩበት። ልጆቹ ጠጠር ከላይ ቀጥ አድርገው ሲጥሉ ክብ ጉድጓድ ወጣ፤ ጠርዙ አበጠ፣ ዐመዱም በነጩ ዱቄት ላይ እንደ ጨረር ተረጨ። በሙሉ ጨረቃ ሌሊት ጨረቃ ላይ ያለውን ታይኮ የሚባለውን ጉድጓድ በባይነኩላር ብታዩ ዙሪያውን እንደዚሁ ጨረር ተረጭቶበታል። ከጎን ሲወረውሩ ግን የወጣው ሞላላ ጭረት ነበር። ታዲያ ድንጋይ ከየአቅጣጫው የሚዘንብባት ጨረቃ ጉድጓዶቿ ለምን ክብ ሆኑ?

ምስጢሩ ፍጥነቱ ላይ ነው። ከጠፈር የሚመጣ አለት በሰከንድ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ይበራል፤ ከአዲስ አበባ ቡታጅራ ሰባት ሰከንድ አይፈጅበትም። በዚህ ፍጥነት አንድ ኪሎ ድንጋይ የሚሸከመው ኃይል ከ40 ኪሎ በላይ ቲኤንቲ ፈንጂ ያህላል። ስለዚህ ድንጋዩ አይቆፍርም፤ ይፈነዳል። መሬት በነካባት ቅጽበት የግጭት ሞገድ ወደ ዐለቱ ይገባል፤ ድንጋዩ ራሱ አብዛኛው ቀልጦ ይተናል፤ የታመቀው ዐለት ተመልሶ ሲላቀቅ በየአቅጣጫው እኩል ይወረወራል። ፍንዳታ ደግሞ ከየት እንደመጣህ አይጠይቅህም። በጣም አግድም ካልመጣ በቀር ጉድጓዱ ክብ ይሆናል፤ ከድንጋዩም አሥር፣ ሃያ እጥፍ ይሰፋል። ግጭቱ ታላቅ ሲሆን ወለሉ፣ ጠብታ የወደቀበት ውሃ መሃሉ ብድግ እንደሚል፣ ተመልሶ ይነሣና ተራራ ሆኖ ይቀራል። 85 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ታይኮ መሃሉ ላይ እንዲህ ያለ ተራራ አለው።

ታዲያ የእሳተ ገሞራውንና የግጭቱን ጉድጓድ በምን እንለያቸው? ቅርጽ ብቻውን አይበቃም። ጋና ያለው የቦሱምትዊ ሐይቅ እንደ ሐረ ሸይጣን ክብ ነው፤ እሱ ግን ከአንድ ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከሰማይ በመጣ አለት የተፈጠረ ነው። ምስክሩ ዐለቱ ውስጥ ነው ያለው፤ እሳተ ገሞራ የማያመጣው ግፊት የኳርትዝን ውስጣዊ አቀማመጥ ያዛባል። የአሪዞናውን ክርክር የቋጨውም እ.ኤ.አ. በ1960 ዩጂን ሹሜከርና ባልደረቦቹ እዚያ ያገኙት ኮዌሳይት ነው፤ ኳርትዝ በከባድ ግፊት ሲታመቅ የሚለወጥበት ማዕድን። ምድራችን በዝናብና በጎርፍ ጠባሳዋን ታጥባለች፤ አየርና ወራጅ ውሃ የሌላት ጨረቃ ግን የቢሊዮን ዓመቱን ሁሉ ይዛ ተቀምጣለች።

በመጨረሻ ለልጆቹ አንድ ነገር ነገርኳቸው። ማርስ ላይ ያሉ ትንንሽ ጉድጓዶች የሚሰየሙት ነዋሪያቸው ከ100 ሺህ በማይበልጥ የምድር ከተሞችና መንደሮች ስም ነው። ያቺ ልጅ ምንም አላለችም። ደብተሯ ላይ ክብ ሣለች፤ ዙሪያውን ጨረር አወጣችለት፤ ከሥሩ «አረቅጥ» ብላ ጻፈች።